ማዕዘኑ ላይ

ቀለም ቀቢው የተገኘው መሰላሉ ሥር ነው። ሥሩ ሲባል አጠገቡ ማለት አይደለም። በግድግዳውና በመሰላሉ እግር መካከል፣ ዘንበል ካለ ጣሪያ ሥር እንደተኛ ሰው፣ በጀርባው ተንጋሎ አንድ እጁ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ነበር። ቦታው የብርድ ልብስ መጋዘን የጀርባ ግቢ ነው፤ ፀሐይ የማያገኘው፣ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ።

ሰው ሁሉ ቀለሜ ይለው ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው በዚህ ስም ሲጠራ የማያውቁት ሊቅ ይመስላቸዋል፣ የሚያውቁት ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከኔ በላይ ቀለም የገባው ማን አለ፣ እስከ ጆሮዬ ገብቶኛል ይል ነበር። ሥራውን የሚሠራው ከሚስቱ ወንድም ጋር ነው። አንዱ መሰላል ላይ ሲወጣ ሌላው ከታች ይይዛል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ሳጅኑ ምሳውን ሳይጨርስ ተጠርቶ መጣ፤ ምሳው ሳይበርድ ለመመለስ የቸኮለም ይመስላል። መሰላሉን አየ፣ ሬሳውን አየ፣ የመጋዘኑን ጥበቃ ጠየቀ። ጥበቃው፣ ቀለሜና አማቹ ጠዋት ክፉኛ እንደተጣሉ፣ አማቹ "ትሞታለህ" ብሎ ሲጮህበት በገዛ ጆሮው እንደሰማ ነገረው። የመጋዘኑ ኢንጂነር ደግሞ መሰላሉ ያለ ልክ ተንጋድዶ እንደቆመ፣ እንዲህ የቆመ መሰላል ሰው ሊሸከም እንደማይችል በእጁ እያመለከተ አስረዳው። ሳጅን ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል። አማቹ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ በሩ ላይ ካቴና ጠበቀው።

በማግስቱ ጠዋት መዝገቡ ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ጣቢያው ውስጥ ሚስማር ይሏታል፤ አንዴ ከገባችበት አትነቀልም ለማለት ነው። ፊት ለፊቷ የሚላት የለም። አዛዡ ጉዳዩ ያለቀ መሆኑን፣ እሷ ከፈረመችበት ነገ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ፣ ሰውየውም ወደ ወህኒ እንደሚዛወር ነገራት። ፈርሚ ሲሏት እጇ የሚያጥርባት ሴት ናት። ቁጭ ብላ አነበበችው። ሦስት ገጽ ነው። አንድ ሰው ሞቷል፣ ሌላው ዕድሜውን በወህኒ ሊጨርስ ነው፣ ለሁለቱም ሦስት ገጽ።

ሳጅኑ እንዲህ ጽፏል፦ "ተጠርጣሪው መሰላሉን ማዕዘኑ ላይ አቁሜ ሄድኩ ይላል። ይህ ሐሰት ነው። መሰላሉ ማዕዘኑን ስቶ ተገኝቷል።"

አማቹን አስጠራችው። ደንዳና ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር የደረቀ የክሬም ቀለም አለ። ለያንዳንዱ ቃል ቀረጥ የሚከፍል ይመስል እየቆጠበ መለሰላት። አዎ፣ ተጣልተዋል። በምን? በሥራ ነገር። ትሞታለህ ብለኸዋል? ብዬዋለሁ። በምሳ ሰዓት የት ነበርክ? ቀለም ማቅጠኛ፣ ቲነር ልገዛ ወጣሁ። መሰላሉስ? ማዕዘኑ ላይ ነው የተውኩት፣ ለሳጅኑም ነግሬዋለሁ አለ።

ቲነር የሚሸጠው ቀለም ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሰው ላከች። ባለሱቁ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቲነር እንዳልነበረው፣ ያ ሰውም ደጁን እንዳልረገጠ ተናገረ።

ውሸት ትጠላለች። ሊያድኑት የሚሞክሩት ሰው የሚዋሸውን ውሸት ደግሞ የበለጠ ትጠላለች።

ኮሪደሩ ላይ የቀለሜን ሚስት አገኘቻት። የባሏን ሬሳ ልትረከብ መጥታ፣ ንጹህ ልብሱን በፌስታል ይዛ ቆማለች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ወንድምሽን ማየት ትችያለሽ ሲላት ፊቷን አዙራበታለች። ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ ማን እንደሆነች ነገረቻት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ማልቀሻው አልፎባት ይሁን ገና ሳይደርስ፣ ዓይኗ ደረቅ ነው።

"ወንድሜ ነው?" አለች ሴትዮዋ።

"ገና አላወቅኩም።"

"እኔ ግን ማወቅ አለብኝ እህቴ። ልጆቼ አባታቸውን ቀብረው ሲመለሱ አጎታችንስ ይሉኛል። አንድ ቀን ተፈቶ ቤቴን ቢያንኳኳ ልክፈትለት ወይስ ድንጋይ ልወርውርበት? ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ይሄን ብቻ ንገሪኝ።"

ኢንስፔክተሯ ቃል አልሰጠቻትም። ትራፊክ ክፍል ገብታ ሜትሮን ይዛው ወጣች።

ሜትሮ የመኪና ግጭት የሚለካ ሰው ነው። ጎማ የተንሸራተተበትን፣ መኪና የተገለበጠበትን ሲለካ ነው የኖረው። ወሬው ብዙ ነው፤ አፉ ግን እየሠራ እጁም ይሠራል። መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ኢንጂነሩ በንጹህ ጫማው ጭቃውን እየመረጠ እየረገጠ መጣ። ደረቱ ላይ መታወቂያ፣ ራሱ ላይ ነጭ ቆብ አለ። ሐዘኑን ገለጸ። ከዚያ ሳትጠይቀው ማስተማር ጀመረ።

"መሰላል ከመሬት ጋር ሰባ አምስት ዲግሪ ነው የሚቆመው፣ የኔ እመቤት። እነዚህ ሰዎች በግምት ነው የሚሠሩት። እኔ ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።"

"አልተከራከርኩዎትም፤ መቼ ነው ያዩት?" አለችው።

ምሳ በልቶ ሲመለስ፣ ጥበቃው ጠርቶት መሆኑን ነገራት። ጥበቃው ደግሞ ከዋናው በር ንቅንቅ አላለም ነበር፤ ጩኸት ሰምቶ ነው የሮጠው። ሁለቱም ያንኑ ቃል በዚያው ቅደም ተከተል ተናገሩ።

መሰላሉ እንደተገኘ ቆሟል፤ ፖሊስ ገመድ አጥሮበታል። ወጥ ብረት ነው፣ አይሰበሰብም አይረዝምም። ግድግዳው መሃል ላይ ተደግፏል። ከበላዩ በሦስተኛው ፎቅ ዕቃ በገመድ ተስቦ የሚገባበት ሰፊ በር አለ፤ ከበሩ በላይ መዘውር የተንጠለጠለበት ብረት ወደ ውጭ ወጥቷል። ሜትሮ ለካ። መሰላሉ ስድስት ሜትር። እግሩ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቋል።

"በቃ?" አለችው።

"ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ? እዪው። ግድግዳው አንድ ጎን፣ መሬቱ አንድ ጎን፣ መሰላሉ አንድ ጎን። ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። ግድግዳና መሬት የሚገናኙበት ቀጥ ያለ ነው፣ ዘጠና። እኛ የምንፈልገው እግሩ ጋ ያለውን ነው። ከሱ አጠገብ ያለው ጎን መሬቱ ነው፣ ሦስት። ረጅሙ ጎን መሰላሉ ነው፣ ስድስት። አጠገቡን ለረጅሙ ስታካፍዪ የሚመጣው ኮሳይን ይባላል። ሦስት ለስድስት ግማሽ ነው። ኮሳይኑ ግማሽ የሆነ ደግሞ ስልሳ ዲግሪ ነው፤ ይሄን እንኳን እኔ፣ የኔ መኪናም ያውቀዋል።"

"ሰባ አምስት አይደለም።"

"ስልሳ። የሰከረ መሰላል ነው።"

ኢንጂነሩ ራሱን እየነቀነቀ አረጋገጠ። ሁሉም ነገር ሳጅኑ እንዳለው ሆነ። መሰላሉ ማዕዘኑን ስቷል፣ አማቹ ዋሽቷል፣ ቲነሩም ውሸት ነው። ኢንስፔክተሯ ወደ ጣቢያው ስትመለስ ከመኪናው ከመውረዷ በፊት በሩን በኃይል ዘጋች፣ ደግሞ ከፍታ ወረደች። ሜትሮ ተከተላት።

አማቹ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። እህቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ምን እንዳለች ነገረችው። ቀለም ቤቱ ምን እንዳለ ነገረችው። ከዚያ መሰላሉን አነሳች፦ ስልሳ ዲግሪ ላይ አቁመህ ሄደህ ማዕዘኑ ላይ ነው ትለኛለህ፣ እህትህን ከምትዋሽ አሁን እውነቱን ተናገርና ቢያንስ እሷ ትረፍ አለችው።

ሰውየው ግራ ገብቶት አያት።

"የምን ስልሳ?"

"የመሰላሉ ማዕዘን።"

"መሰላል ምን ማዕዘን አለው? የግንቡ ማዕዘን ነው ያልኩት። ጥጉ ላይ፤ የጀርባው ግድግዳና የጎኑ ግድግዳ የሚገናኙበት። እዚያ ነበር የምንቀባው።"

ሜትሮ የያዘውን ሜትር ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የተናደደችው በሳጅኑ ነው። ቀጥላ በኢንጂነሩ። ከዚያ በራሷ፤ እሷም ያንን ቃል አንብባ የተረዳችው በሳጅኑ ሐሳብ ነበርና። ሰው ጥጉ ላይ አቆምኩት ብሎ ዲግሪ ተለክቶበት ሊታሰር ነበር። መሃል ግድግዳው ላይ የተገኘውን መሰላል እኔ አላቆምኩትም ማለቱ ነበር፤ የሰማው ግን የለም።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላውንስ ለምን ዋሸኸኝ አለችው።

ይሄኔ ተናገረ። አንዴ ሲጀምር ማቆም አልቻለም። ጠዋት ኢንጂነሩ መጥቶ፣ ላይ ያለውን የመዘውር ብረት ከበሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥለው ዝገት መከላከያ እንዲቀቡት አዟቸዋል። የበሩ የብረት መከታ ተነቅሏል። የደኅንነት ቀበቶ ስጠን ሲሉት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ የማትሠሩ ከሆነ ደጁ ሙሉ ቀለም ቀቢ ነው አላቸው። አማቹ እንቢ አለ። ቀለሜ ግን እሺ ሊል ዳዳው።

"እንዳትወጣ፣ ትሞታለህ አልኩት። ጮህኩበት። እህቴን ምን ልላት ነው አልኩት። እሱ ይስቃል። አትፍራ፣ እኔ ስወድቅ ቀለሙ እንዳይደፋ አንተ ያዝልኝ ይለኛል። ተናደድኩ። ትቼው ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄድኩ። የቲነሩ ነገር… ለእህቴ ጥዬው ሄድኩ ከምል ቲነር ልገዛ ወጣሁ ማለት ቀለለኝ።"

"ስትሄድ አልወጣም ነበር?"

"ስሄድ ማዕዘኑ ላይ ነበር። ግድግዳውን እየቀባ።"

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ሜትሮ ከሷ ቀድሞ በሩ ላይ ደርሷል።

ጥጉ ላይ ማንም የፖሊስ እግር አልረገጠም። የሚፈልጉት እዚያው ነበር። እርጥቡ አፈር ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ጣት የሚያስገቡ። የመሰላል እግር ሰው ተሸክሞ ሲቆም የሚሠራቸው ናቸው። ሜትሮ ከጉድጓዶቹ እስከ ግድግዳው ለካ፦ አንድ ሜትር ተኩል። አንድ ተኩል ለስድስት ሩብ ነው። ስልኩን አውጥቶ ኮሳይኑ ሩብ የሆነውን ማዕዘን ጠየቀው። ሰባ አምስት ተኩል አለው። እዚህ ማዕዘን ላይ ከነበረ ደግሞ አናቱ ግድግዳው ላይ የት እንደሚያርፍ አሰበ፤ ለከፍታው ሳይን ነው እያለ። ስድስት ሜትሩን ባገኘው ቁጥር አባዛውና አምስት ሜትር ከሰማንያ መጣ። ከመጋዘኑ ሌላ መሰላል አስመጥቶ ወጣና ለካ። አምስት ከሰማንያ ላይ፣ አዲሱ የክሬም ቀለም ላይ፣ ሁለት የብረት ጠባሳ አለ። ሰውየው እየወጣና እየወረደ ያሻሸው።

"ሟቹ በግምት ነበር የሚሠራው አሉ አይደል። ግምቱን እይልኝ" አለ ሜትሮ ከላይ ሆኖ።

ከዚያ ወደ መሃሉ ሄዱ። ኢንስፔክተሯ አፈሩ ላይ ተንበረከከች። ከቆመው መሰላል እግር ሥር ጉድጓድ የለም። ጭረት እንኳን የለም። ያው እርጥብ አፈር ነው፤ መሰላሉ ግን እንኳን ሰው ዝንብም እንዳልተሸከመ ሁሉ ቆሟል።

ቀና ብላ ላዩን አየች። የመዘውሩ ብረት ግማሹ ዝገት መከላከያው ተቀብቷል፤ ቀይ። ግማሹ ዝገቱ ነው። ፎቶውን ከመዝገቡ አወጣች። የሟቹ መዳፍ ቀይ ነው። ሳጅኑ ደም ብሎ አልፎታል። ግድግዳው ክሬም ነው፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ከዚያ ብረት በቀር ቀይ ቀለም የነካው ነገር የለም። ደረጃውን ወጥታ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። በሩ ባዶ አየር ላይ ተከፍቷል። መከታው የነበረበት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እጇን ዘርግታ ብረቱ ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም ጠብታ ነካች። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ጣቷ ቀላ።

ዘጠኝ ሜትር ወደ ታች አየች። ስድስት ሜትር መሰላል ቀጥ አድርገው ቢያቆሙትም እዚህ አይደርስም።

ስትወርድ ሜትሮ መሰላሉ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ተጎንብሶ ነበር። ወሬ አቁሟል። እሱ ወሬ ሲያቆም ያስፈራል።

"ነይ እዪው" አላት። "ከኋላው ነው።"

ከታች ሁለተኛው መርገጫ ላይ፣ ከጀርባው በኩል፣ ቀይ የእጅ አሻራ አለ። አራት ጣት። መሰላሉ ፊት ለፊቱ የክሬም ጠብታ ብቻ ነው ያለው፤ ቀይ አንድም የለም። እዚህ ብቻ፣ ከውስጥ፣ ከግድግዳው በኩል። ሜትሮ ቀስ ብሎ አሰበ። መርገጫው መሰላሉ ላይ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ነው። በስልሳ ዲግሪ ሲያዘነብል ከመሬት ሃምሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ፎቶው ላይ የተዘረጋው እጅ ልክ ከሥሩ ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ክንዱን ቢያነሳ የሚደርስበት።

ኢንስፔክተሯ አሻራውን አይታ ተነሳች። ኢንጂነሩን ጥራልኝ አለችው።

ኢንጂነሩ ሲመጣ ጥበቃውም አብሮ መጣ። ጥበቃው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ከኢንጂነሩ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሆኖ ቆመ።

መሰላሉ በምሳ ሰዓት ጥጉ ላይ እንደነበረ ነገረችው። ኢንጂነሩ አልደነገጠም። ምናልባት ሟቹ ራሱ ወደ መሃል አምጥቶት ይሆናል አለ፤ መጀመሪያ በሰባ አምስት አቁሞት፣ ወጥቶ፣ እግሩ ሸሽቶ ስልሳ ላይ ቆሞ ይሆናል።

"ሸሽቶ ከሆነ አናቱ ወርዷል" አለችው። "በሰባ አምስቱ አናቱ አምስት ከሰማንያ ላይ ነው። በስልሳው አምስት ከሃያ ላይ። ስልሳ ሳንቲ ሜትር ግድግዳውን እየቧጨረ መውረድ ነበረበት። መሃል ግድግዳው ላይ ግን ያለው ሁለት ነጥብ ነው፤ እንደ ማኅተም የተቀመጠ። አልሸሸም። ሰው ነው ያቆመው።"

"እኔ እንዲህ ያለ ሂሳብ ከትራፊክ ፖሊስ አልማርም። ሁለት ዲግሪ…"

"አንተ ሁለት ዲግሪ አለኝ ብለኸኛል። መሰላሉ ስልሳ አለው። እኔ የመሰላሉን ነው ያመንኩት።"

እርስዎ ስትለው ቆይታ አንተ ስትለው፣ ከመሰላሉ ይልቅ ይሄ ከበደው። ቆቡን አስተካከለ። ከጠበቃዬ ጋር ካልሆነ አልናገርም አለ።

እሷ ግን ፊቷን ከሱ መልሳ ወደ ጥበቃው ዞራ ነበር። የመሰላሉን ክብደት አንስታ ሞክራዋለች። አንድ ሰው ብቻውን አያቆመውም።

"አባቴ" አለችው፣ "እሱ ሰባ አምስትን እንደ ስሙ ያውቃል። ጠዋት አስተምሮኛል። እዚህ ሲያቆም ግን ስልሳ ላይ ተወው። ለምን?"

ሽማግሌው ኢንጂነሩን አላየም። መሬቱን ነው ያየው፣ ሰውየው የተኛበትን።

"ጠጋ አድርገው አለኝ" አለ። "እንዴት ላጠጋው፤ ሰውየው ተኝቶበታል። ደረቱ ላይ ልናቆመው ነው እንዴ አልኩት። ተወው እንግዲህ፣ እንዲያውም እንዲህ መሆኑ ይሻላል አለኝ።"

"ሞቶ ነበር?"

ጥበቃው በጫማው አፈሩን ጫረ።

"ሞቶ ነበር ወይ?"

"ያቃስት ነበር። መሰላሉን ስናቆመው እጁን አነሳና ያዘው። ሊነሳ ነው መሰለኝ። ጋሼ፣ ውሃ ስጠኝ አለኝ።"

"ሰጡት?"

"ኢንጂነሩ ና አለኝ። ሄድኩ። ስለ መከታውና ስለ ቀበቶው እንዳይጠይቁኝ መሰላሉ ይበቃቸዋል አለ። ቆይተን ስንመለስ ነው ለፖሊስ የደወልነው።"

ሜትሮ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ራሷ አወጣች። ሳጅን ትጠራ ነበር በሌላ ቀን፤ ዛሬ ለማንም አልተወችውም። ብረቱ ሲዘጋ ኢንጂነሩ ጠበበኝ አለ። አላላችለትም። ሽማግሌውን ደግሞ አብሮ እንዲሄድ ስትነግረው፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ ልጆች አሉኝ አለ። እሱም ልጆች ነበሩት አለችው። ከዚህ በላይ ለማንኛቸውም የምትለው አልነበራትም።

አዛዡ በሦስቱ ገጽ ፈንታ አዲስ መዝገብ ሲቀበል አልተደሰተም። ሳጅኑ ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው ማን ነገረኝ አለ። መጠየቅ ነበረብህ፣ ሰውየው አፍ አለው አለችውና በሩን ዘጋችበት።

አማቹ እስኪፈታ የቀለሜ ሚስት ጣቢያው ደጅ ጠበቀች። ኢንስፔክተሯ ወጥታ ከጎኗ ቆመች። ወንድሟ እንዳልገደለው፣ ማን እንደገደለውና እንዴት እንደሆነ ነገረቻት። ሴትዮዋ ወዲያው ነው የሞተው ወይ ብላ ጠየቀች። ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል። ኢንስፔክተሯ አልዋሸቻትም። ሴትዮዋ ፌስታሉን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ይሄንን ነገር ለኢንጂነሩ እናት ሄጄ እነግራታለሁ አለች። ሌላ አላለችም።

አማቹ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ በእጁ ይዞ ወጣ። እህቱን ሲያይ ደረጃው ላይ ቆመ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

"አልገደልከውም" አለችው።

"አልገደልኩትም።"

"ጥለኸው ግን ሄደሃል።"

"ሄጃለሁ።"

"ጎትተህ ልታወርደው ትችል ነበር። ልትደበድበው ትችል ነበር። እኔ ጋ መጥተህ ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ እኔ ሄጄ በፀጉሩ እጎትተው ነበር።"

ማሰሪያውን እጁ ላይ ጠቀለለው።

ሴትዮዋ ዞራ መንገዱን ጀመረች። ፈጠን ብላ ነበር የምትሄደው። እሱ ደረጃው ላይ ቀረ፤ ማሰሪያውን በእጁ እንደያዘ፣ ጫማው እግሩ ላይ እንደተከፈተ። የመንገዱ መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ አልተመለከተችም።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለች ጮክ ብላ። "ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው። ና።"